ሦስት ዓመት የደከምንበትን ኮድ በነጻ ብንለቀው ማን ያተርፋል?

ቆጣሪ አንባቢ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማልና ታገሡኝ።

የምሠራበት ኩባንያ አነስተኛ ነው፤ ኮድ የምንጽፈው ስድስት ሰዎች ብቻ ነን። ሥራችን ከተለያዩ አምራቾች የተገዙ የውኃ ቆጣሪዎችን ንባብ ሰብስቦ ወደ አንድ የመረጃ ቋት ማስገባት ነው። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። እያንዳንዱ አምራች ግን የራሱ የመልእክት ቅርጽ አለው። አንዱ ቀኑን ከፊት ያስቀምጣል፣ ሌላው ከኋላ። አንዱ በሊትር ይልካል፣ ሌላው በሜትር ኩብ፤ ሦስተኛው መለኪያውን ጭራሽ ሳይጠቅስ ቁጥሩን ብቻ ወርውሮ ዝም ይላል። ሦስት ዓመት የፈጀብን ይህን ዝብርቅርቅ ወደ አንድ ወጥ ቅርጽ የሚመልስ ኮድ መጻፍ ነው። ደንበኛ ይህን ኮድ አያየውም። የሚያየው ከላዩ ያለውን ነው፦ የትኛው ቱቦ እንደሚያፈስ የሚጠቁመውን፣ ሪፖርቱን፣ ማስጠንቀቂያውን።

ባለፈው ሳምንት በስብሰባ ላይ «ወጥ ቅርጹን ለማንም ክፍት የሆነ መስፈርት እናድርገው፤ መላሹን ኮድም በክፍት ምንጭ ፈቃድ፣ ማንም እንዲያየው፣ እንዲጠቀምበትና እንዲለውጠው፣ እንልቀቀው» አልኩ። ሥራ አስኪያጃችን ብዕሩን አስቀመጠና «ላባችንን አጠራቅመን ለተፎካካሪ እናቅርብለት?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም፤ የነበረኝ ስሜት ብቻ ነው።

መልስ ያላችሁ ስጡኝ። «መካፈል መልካም ነው» የሚለውን ስብከት ለራሴም ስሰብክ ኖሬአለሁ። አሁን የቸገረኝ የገንዘብ ክርክር ነው።

አሮጌው ተርሚናል

ልጄ፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ገመድ አስረህ ስብሰባ ገብተሃል፤ ለዚህም ነው የተሳቀብህ። መስፈርት ሌላ ነው፣ ኮድ ሌላ። መስፈርት ስምምነት ነው፦ «ቀኑ እዚህ ይቀመጣል፣ መለኪያው እንዲህ ይጻፋል» የሚል ቃል። ኮድ ቃሉን የሚፈጽመው ሥራ ነው። መስፈርቱን ከፍቶ ኮዱን መቆለፍ ይቻላል፤ ኮዱን ከፍቶ ያለ መስፈርት መኖርም ይቻላል። የሁለቱ የገንዘብ ስሌት አንድ አይደለም፤ ለየብቻ አስላቸው።

ስለ መስፈርት አንድ ታሪክ ልንገርህ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢንተርኔት ላይ ሰነድ ለማግኘት ሁለት መንገዶች ይፎካከሩ ነበር። አንደኛው በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ1991 ያወጣው ጎፈር ነው። ሁለተኛው ቲም በርነርስ-ሊ በሰርን የምርምር ማዕከል የሠራው ዌብ። በ1993 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ከአንዳንድ የጎፈር ሰርቨር ተጠቃሚዎች የፈቃድ ክፍያ እንደሚጠይቅ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል 30 ቀን ሰርን የዌብን ሶፍትዌር ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት፣ እንዲለውጠው፣ እንዲያሰራጨው በጽሑፍ ለቀቀ።

የጎፈር ክፍያ ትልቅ ይሁን ትንሽ ጉዳዬ አይደለም። በጎፈር ላይ ሥራውን ሊመሠርት የነበረ ሰው ሌሊት የሚያስበው «ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡ ምን ይውጠኛል?» ብሎ ነው። ጎፈር በዚህ ብቻ ወደቀ አልልም፤ ዌብ ሥዕልና ጽሑፍን በአንድ ገጽ አቅርቦ ማሳየቱም ብዙ ረድቶታል። ሆኖም ለነጋዴ ከክፍት መስፈርት የሚገኘው ትልቁ ነገር እርግጠኝነት ነው፦ መሠረቱን ማንም ከሥርህ እንደማይስበው ማወቅ። ለሥራ አስኪያጅህ ከዚህ ጀምርለት።

ተጠራጣሪ

ጋሽ ተርሚናል፣ በአክብሮት፦ ይህ ያሸናፊዎች ታሪክ ነው። ሰርን የምርምር ተቋም ነው፤ ደመወዝ የሚከፍለው ከሶፍትዌር ሽያጭ አይደለም። የኩባንያ ታሪክ እናንሣ።

አይቢኤም በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ያወጣው በገበያ ላይ የነበሩ ክፍሎችን ገጣጥሞ ነው። የሃርድዌሩን አሠራር በመጽሐፍ አሳትሞ «ለዚህ ማሽን የሚሆን ካርድ የምትሠሩ ሁሉ ኑ» አለ። መጡለትም፤ ገበያው ደራ። ከዚያ ኮምፓክ የተባለ ኩባንያ ተነሣ። በቅጂ መብት የተጠበቀውን የማስነሻ ኮድ፣ ባዮስ የሚባለውን፣ አንድም መስመር ሳይገለብጥ ጠባዩን ብቻ አጥንቶ እንደ አዲስ ጻፈው። ሌሎችም ተከተሉ። አይቢኤም በ1987 የራሱ የሆነ አዲስ የካርድ ማገናኛ አምጥቶ በሩን ሊዘጋ ሞከረ፤ ተፎካካሪዎቹ ተሰባስበው በማግስቱ ዓመት የራሳቸውን የጋራ ማገናኛ ይዘው ወጡ። በመጨረሻ በ2005 አይቢኤም የግል ኮምፒውተር ሥራውን ለሌኖቮ ሸጦ ተገላገለ።

የወለደው ሌላ፣ የተጦረው ሌላ። የሥራ አስኪያጁ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ሳቁም ተገቢ ሳቅ ነበር።

ሰማያዊ ቀለም

ወንድሜ ተጠራጣሪ፣ ታሪኩን አሳምረህ ነግረኸን ግማሹ ላይ ጣልከው። ከዚያ ገበያ የጠገበው ማን ነው? ኮምፓክም እኮ አልቆየም፤ በ2002 ኤችፒ ገዝቶታል። የጠገቡት ማይክሮሶፍትና ኢንቴል ናቸው። ሳጥኑ ሁሉ ተመሳሳይ ሲሆን ዋጋው ወረደ፤ ዋጋው ሲወርድ ብዙ ተሸጠ፤ በተሸጠው በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ስርዓተ ክወናና አንድ ፕሮሰሰር ነበር። ሁለቱም ክፍሎች ባለቤት ነበራቸው። ትርፉ የትም አልጠፋም፤ ከክፍቱ ክፍል ተነሥቶ አጠገቡ ወዳለው ዝግ ክፍል ተዛወረ።

እንግዲህ ቆጣሪ አንባቢ ሊያስበው የሚገባው ይህን ነው፦ ልትከፍቱት ካሰባችሁት ኮድ አጠገብ ያለው ምንድን ነው? ማንስ ይዞታል? ራስህ ነግረኸናል፤ የሚያፈሰውን ቱቦ የሚጠቁመው ክፍል ነው፣ የያዛችሁትም እናንተ ናችሁ። የአይቢኤም ስህተት መክፈቱ አይመስለኝም። ከሚከፍተው አጠገብ ያለውን ሁሉ የሌላ ሰው ንብረት አድርጎ መተዉ ነው። ስርዓተ ክወናውን ከማይክሮሶፍት ሲወስድ ማይክሮሶፍት ለሌሎችም እንዲሸጠው ፈቅዶለታል።

ኮዱንም በሚመለከት እንዲሁ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን ስርዓተ ክወና በ1991 ሲለቅ የመጀመሪያው ፈቃዱ ማንም ገንዘብ እንዳይቀበልበት ይከለክል ነበር። በ1992 ያንን ትቶ ጂፒኤል ወደተባለው ፈቃድ ቀየረው፦ ሽጡት፣ አትርፉበት፣ ለሌላ ስታሰራጩ ግን የለወጣችሁትን ኮድ በዚሁ ፈቃድ ስጡ። ነጋዴ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሬድ ሃት ማንም በነጻ የሚያገኘውን ሶፍትዌር ይዞ ጥገናውን፣ ዋስትናውንና «ሌሊት ብትደውሉ የሚያነሣ ሰው አለ» የሚለውን ቃል ሸጠ። በ2019 አይቢኤም በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። አዎ፣ ያው አይቢኤም። ትምህርቱን ለመማር ጊዜ ወስዷል እንጂ ተምሯል።

ሌላም ልጨምር፣ ይህን ታሪክ ስለምወደው። ኬዲኢ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ለራሱ ብራውዘር ኬኤችቲኤምኤል የሚባል ገጽ አሳያ ሞተር ጻፈ። አፕል ያንን ወስዶ በ2003 ሳፋሪን አወጣ፤ የወሰደው ኮድ ፈቃዱ ስለሚያስገድድ ለውጡን ክፍት አደረገ፤ ያ ዌብኪት ሆነ። ጉግል ዌብኪትን ወስዶ በ2008 ክሮምን ሠራ፤ በ2013 ብሊንክ ብሎ ለየው። በ2020 ደግሞ ማይክሮሶፍት የራሱን ሞተር ጥሎ ኤጅን በዚሁ ላይ አቆመ። ሦስት የማይዋደዱ ግዙፍ ኩባንያዎች በአንድ ግንድ ላይ ሦስት ብራውዘር ተከሉ። አንዳቸውም ከባዶ ቢጀምሩ ኖሮ ስንት ዓመት ይፈጅባቸው እንደነበር አስቡት።

ሎሚ ሻጭ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? ይኸው ነው። ክሩን መዝጋት ይቻላል።

ሌሊት ጠባቂ

አይቻልም። እኔ ሰርቨር ሲወድቅ ከእንቅልፉ የሚቀሰቀሰው ሰው ነኝ፤ ሃምሳውንም ሎሚ አንድ ሰው ተሸክሞ አርባ ዘጠኙ እጃቸውን ኪስ ከተው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ኦፕንኤስኤስኤል የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ከባንክ ገጽ ጀምሮ እስከ ኢሜይል ድረስ ምስጢር የሚጠብቅ ኮድ ነው። በኤፕሪል 2014 ሃርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ ተገኘበት። ቀዳዳው ከ2012 ጀምሮ ወደ ውጭ በወጣው ኮድ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሰው ሁሉ ደንግጦ «ይህን የሚጠብቀው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከጥቂት ሰዎች አላለፈም። ፕሮጀክቱ በዓመት ያገኝ የነበረው ልገሳ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። የዓለም ግዙፍ ኩባንያዎች ገንዘብ ማዋጣት የጀመሩት ቤቱ ከጨሰ በኋላ ነው።

በማርች 2024 ደግሞ ኤክስዜድ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ። አንድ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ኮድ እያዋጣ፣ የደከመውን ባለቤት እያገዘ፣ አመኔታውን አግኝቶ በመጨረሻ የጓሮ በር፣ በስውር ሰርጎ መግቢያ ማለት ነው፣ ተከለበት። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ወደ ማሽን ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አስቆጥቶት «ይህ ለምን ዘገየ?» ብሎ ቆፈረ። ግማሽ ሰከንድ! እኔ ሻይ አፍልቼ እመለስ ነበር።

በ2024 በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት የታተመ ጥናት ኩባንያዎች የሚጠቀሙበትን ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር እያንዳንዳቸው ራሳቸው ይጻፉት ቢባሉ 8.8 ትሪሊዮን ዶላር እንደሚያስወጣቸው ገምቷል፤ ኮዱን አንድ ጊዜ እንደገና ለመጻፍ ግን 4.15 ቢሊዮን ይበቃል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቱት። ሰማያዊ ቀለም የምትነግረን ትርፍ እዚያ ውስጥ ነው፤ እኔን ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝም እዚያው ውስጥ ነው።

ስለዚህ ቆጣሪ አንባቢ፣ «እንልቀቀው» ከማለትህ በፊት ከለቀቃችሁት በኋላ በየሳምንቱ ስንት ሰዓት ትመድቡለታላችሁ? መልሱ ዜሮ ከሆነ እዚያው ተቆልፎ ይቅር። የሞተ ክፍት ኮድ ከተቆለፈ ኮድ የከፋ ነው፤ ሰው አምኖ ይመሠረትበታልና።

ቆጣሪ አንባቢ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊት ጠባቂ፣ ያነሣኸውን ጥያቄ እኔ ራሴም አላሰብኩትም ነበር፤ በሳምንት ግማሽ ቀን የአንድ ሰው ጊዜ ብናገኝ ዕድለኞች ነን።

የሰማያዊ ቀለምን «አጠገብ ያለው የማን ነው» የሚለውን ዛሬ ለሥራ አስኪያጄ በአጭሩ ነገርኩት። አልሳቀም። እንደ መሻሻል ቆጥሬዋለሁ።

መስመር አራሚ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባውን ማንም አልጠየቀም። ለቆጣሪ ንባብ እኮ መስፈርት አለ! ኤም-ባስ የሚባለው፣ በአውሮፓ ኢኤን 13757 ተብሎ የተመዘገበው። መለኪያው ሊትር ይሁን ሜትር ኩብ በመልእክቱ ውስጥ በኮድ ይገለጻል። አዲስ «ወጥ ቅርጽ» ፈጥራችሁ ልታትሙ ከሆነ በዝብርቅርቁ ላይ አንድ ተጨማሪ ዝብርቅርቅ ማከላችሁ ነው።

ቆጣሪ አንባቢ

መስመር አራሚ፣ እናውቀዋለን። ከምናነባቸው ቆጣሪዎች ግማሽ ያህሉ በዚያ ይናገራሉ። ችግሩ ሁለት ነው። የድሮዎቹ ከነጭራሹ አይከተሉትም። አዲሶቹ ይከተሉታል፣ ነገር ግን መስፈርቱ ራሱ ለአምራቹ የተተወ ክፍል አለው፤ «ከዚህ በኋላ ያለው የአምራቹ ነው» የሚል ምልክት ይቀመጥና ከዚያ ወዲያ ያለው ምሥጢር ነው። የሚገርመው፣ ደንበኛ የሚፈልጋቸው ነገሮች፣ የባትሪ ሁኔታ፣ የቆጣሪ መነካካት ማስጠንቀቂያ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት እዚያ ውስጥ ነው። የኛ የሦስት ዓመት ሥራ በአብዛኛው ያንን ጨለማ ክፍል መፍታት ነበር።

መስመር አራሚ

እንደዚያ ከሆነ ተሳስቻለሁ፤ ሐሳብህም ከመጀመሪያው የተሻለ ሆኖልኛል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሌለው መስፈርት ጥቂት ነው። የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋው ኤስኪውኤል ከ1986 ጀምሮ መደበኛ መስፈርት አለው፤ ሆኖም ለአንድ የመረጃ ቋት የጻፍኩትን ጥያቄ ወደ ሌላው ወስጄ ሳይነካካ የሠራልኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሻጮች በመስፈርቱ ስም ያስገቡህና በተጨማሪው ያስቀሩሃል። እናንተ አዲስ ቅርጽ አትፍጠሩ። ባለው መስፈርት ላይ ቆማችሁ ጨለማውን ክፍል የሚገልጽ መዝገብ አውጡ፦ ይህ አምራች፣ ይህ ሞዴል፣ ይህ ባይት ይህ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያጓጓው እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። «ክፍት» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ነጻ ማለት አይደለም። የቪዲዮ መስፈርቶችን ተመልከቱ። በ2013 የወጣው ኤችኢቪሲ ሰነዱን ማንም ያነበዋል፤ ለመጠቀም ግን የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት፣ ክፍያ ከሚሰበስቡ ከአንድ በላይ ማኅበራት ፊት መሰለፍ ያስፈልጋል። ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞን፣ ሞዚላና ሌሎች በ2015 ተሰባስበው በ2018 ኤቪ1 የተባለውን ያለ ክፍያ የሚሠራ መስፈርት እንዲያወጡ የገፋቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በሌላ ቀን በገበያ የሚተናነቁ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ የተቀመጡት ፍቅር ይዟቸው አልነበረም፤ ሒሳብ ነው። ስለዚህ የምታወጡት ነገር ፓተንትንም በግልጽ ይጥቀስ።

ሰማያዊ ቀለም

መስመር አራሚ ያለው ላይ ሒሳቡን ልጨምር። ሃያ አምራቾችና አሥራ አምስት የእናንተ ዓይነት የሶፍትዌር ኩባንያዎች አሉ እንበል። ሁሉም ለየራሱ ሲተረጉም 300 መተርጎሚያ ይጻፋል። መካከል ላይ አንድ የጋራ ቅርጽ ሲኖር 35 ይበቃል። ማይክሮሶፍት በ2016 ኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞችን ከፕሮግራም ቋንቋዎች ጋር የሚያገናኘውን ፕሮቶኮል (የመግባቢያ ደንብ) ክፍት ሲያደርግ የሠራው ይህንኑ ነው፤ ቀድሞ እያንዳንዱ መጻፊያ ለእያንዳንዱ ቋንቋ ለብቻው ድጋፍ ይጻፍለት ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ቋንቋ የሚፈጥር ሰው አንድ ጊዜ ጽፎ በብዙ መጻፊያዎች ውስጥ ያገኘዋል፤ አነስተኛ ቡድን የሠራው አዲስ መጻፊያም በተወለደ ማግስት ብዙ ቋንቋ ያውቃል። ፈጠራ የሚባለው ከዚህ ይመጣል፦ 265 መተርጎሚያ ይጽፉ የነበሩ እጆች ሌላ ነገር መሥራት ይጀምራሉ።

ተጠራጣሪ

ስሌቱን ተቀብያለሁ። እስቲ አሁን ደግሞ ከፍቶ የተጸጸተውን እናንሣ፤ ማንም እንዳያፍር።

ኢላስቲክ የተባለ ኩባንያ የፍለጋ ሶፍትዌሩን ከፍቶ አደገ። የክላውድ አቅራቢዎች ያንኑ ኮድ እንደ አገልግሎት ማከራየት ጀመሩ። በ2021 ኢላስቲክ ፈቃዱን አጠበቀ፤ አማዞን የቀድሞውን ኮድ ገንጥሎ ኦፕንሰርች ብሎ ቀጠለበት። የመረጃ ቋት ሠሪው ሬዲስ በማርች 2024 እንዲሁ አደረገ፤ ወር ሳይሞላ ተገንጣዩ ቫልኪ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ተቋቋመ። ሁለቱም ኩባንያዎች በኋላ ኤጂፒኤል የተባለውን ክፍት ፈቃድ እንደ አማራጭ መልሰው አስገብተዋል፤ ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስ በ2025። የሄደው ሰው ግን ሁሉም አልተመለሰም።

ከዚህ የተረዳሁት እኔ በመጀመሪያ ከጻፍኩት ትንሽ ይለያል። የተጎዱት ከፍተው ሳይሆን፣ ሙሉ ምርታቸውን ከፍተው ነው፤ ሰማያዊ ቀለም በምትለው ቋንቋ አጠገቡ ምንም አላስቀሩም ነበር። ከዚያ ደግሞ ሊዘጉ ሲሞክሩ ጋሽ ተርሚናል ያሉትን እርግጠኝነት አፈረሱ። ስለዚህ፦ የምትከፍቱትን ዛሬ በጥንቃቄ ምረጡ፤ ነገ መልሳችሁ መዝጋት የምትፈልጉትን ነገር አትክፈቱ።

ሌላው፣ ከእናንተ የሚተልቅ ኩባንያ መስፈርታችሁን ቢያቅፍ ቶሎ አትደሰቱ። የጉግል መልእክት መላላኪያ ኤክስኤምፒፒ የተባለውን ክፍት ፕሮቶኮል ይናገር ነበር፤ በሌሎች ሰርቨሮች ያሉ ሰዎችም ከጂሜይል ወዳጆቻቸው ጋር ይነጋገሩ ነበር። በ2013 ወደ ሃንግአውትስ ሲሸጋገር ያ በር ተዘጋ። ፕሮቶኮሉ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ሕዝቡ ግን በሩ ማዶ ቀረ።

ሎሚ ሻጭ

እኔ እንግዲህ ዝም ብዬ አነባለሁ።

አሮጌው ተርሚናል

ሎሚ ሻጭ፣ አትከፋ፤ ምሳሌህ ጥሩ ነበር፣ ሌሊት ጠባቂ እንቅልፍ ስለጎደለው ነው።

ቆጣሪ አንባቢ፣ አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሦስት ነገር እመክርሃለሁ፤ ሁለቱ አጭር ናቸው።

ፈቃዱ፦ ለመዝገቡና ለመላሹ ኮድ አምራቾች ራሳቸው እንዲጠቀሙበት ትፈልጋላችሁና አፓቼ 2.0 የተባለው ክፍት ፈቃድ ይሻላችኋል፤ የፓተንቱንም ጉዳይ ይነካል። ጂፒኤል መልካም ፈቃድ ነው፣ የአምራች ጠበቃ ግን ሲያየው ፊቱ ይጠቁራል። ስሙ፦ የፕሮጀክቱን ስም በንግድ ምልክት አስመዝግቡ፤ ኮዱን የወሰደ ሁሉ ስማችሁን ይዞ እንዳይሄድ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፦ መፈተኛውን አብራችሁ አውጡ። የኢንተርኔትን መስፈርቶች የሚያወጣው አይኢቲኤፍ በ1996 ባሰፈረው ደንብ አንድ መስፈርት ወደ ላይኛው እርከን እንዲያልፍ ቢያንስ ሁለት በተለያዩ ሰዎች ለየብቻ የተጻፉ፣ እርስ በርስ የሚግባቡ ፕሮግራሞች እንዲኖሩት ይጠይቅ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ብቻ የጻፈው መስፈርት እሱ በልቡ የያዘውን ሳይጽፈው ይቀራል፤ ሁለተኛው ሰው ሊጽፍ ሲቀመጥ ነው የጎደለው የሚታየው። በ1980ዎቹ ኦኤስአይ የሚባለው የመንግሥታት ድጋፍ ያለው ግዙፍ የግንኙነት መስፈርት በኮሚቴ ሲብራራ፣ የዛሬው ኢንተርኔት መስፈርት ቲሲፒ-አይፒ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ጀምሮ የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ላይ እየሠራ ነበር። ወረቀቱ ያማረው ቀረ፤ የሚሠራው አለፈ። እናንተም ከእያንዳንዱ ሞዴል እውነተኛ መልእክትና ትክክለኛ ምላሹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አውጡ። ያንን ያየ ሌላ ሰው ኮዳችሁን ሳይነካ የራሱን ይጽፋል። ይጻፍ። ያኔ ነው መስፈርት የሚኖራችሁ።

«ገና አልተጠናቀቀም» ብላችሁም አታዘግዩት። እነዚያ የኢንተርኔት ሰነዶች ከ1969 ጀምሮ የሚጠሩበት ስም ሲፈታ «አስተያየት ይጠየቃል» ነው። የመጀመሪያውን የጻፈው ስቲቭ ክሮከር ያኔ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። ትእዛዝ የሚሰጥ እንዳይመስል ፈርቶ የመረጠው ስም ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆየ።

ሌሊት ጠባቂ

ከጋሽ ተርሚናል ቃል ላይ አንድ ብቻ፦ እውነተኛ መልእክት ስታወጡ የደንበኛን ቁጥርና የቆጣሪ መለያ አጥፉ። ስንት ሰው በዚህ ሲጋለጥ አይቻለሁ።

ቆጣሪ አንባቢ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

የሆነውን ልነግራችሁ ተመለስኩ።

ስብሰባ ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ አንድ ገጽ ይዤ ገባሁ፦ በግራ የምንከፍተው፣ በቀኝ የምናስቀረው። በግራ የጨለማው ክፍል መዝገብ፣ የሦስት አምራቾች መላሽ ኮድና መፈተኛው። በቀኝ የማፍሰስ መጠቆሚያው፣ ሪፖርቱና የደንበኛ አያያዙ። ሥራ አስኪያጄ ረዥም ጊዜ አየው። «ግራው ለእኛ ምን ያመጣል?» አለ። «አራተኛውን አምራች ሌላ ሰው ይጽፍልናል፤ ካልተጻፈም የአራተኛው ወጪ ዛሬ ከምናወጣው አይበልጥም» አልኩት። «በሳምንት ስንት ሰዓት ይወስዳል?» ሲለኝ ሌሊት ጠባቂን አመሰገንኩ፤ ግማሽ ቀን ብዬ አስቀድሜ ጽፌዋለሁ። ለስድስት ወር ፈቀደ።

ባለፈው ሰኞ ለቀቅነው። አራተኛ አምራች የጻፈልን የለም፤ እውነቱን ልናገር። የመጣው አንድ መልእክት ብቻ ነው፣ ከማናውቀው ሰው። የሁለተኛው አምራች ቆጣሪ ወደ ኋላ የፈሰሰ ውኃን በአሉታዊ ቁጥር እንደሚልክ፣ የኛ ኮድ ግን ምልክቱን ጥሎ እንደሚደምረው ከነማስረጃው አሳይቶን፣ ማረሚያውንም አያይዞ ልኳል። አሥራ አንድ መስመር። ስህተቱ እኛ ዘንድ ሁለት ዓመት ኖሯል። አንድ ደንበኛ በየወሩ «ንባባችሁ ይበዛል» እያለ ሲከራከረን፣ እኛም ቆጣሪውን እንዲያስመረምር ስንመክረው የቆየነው በዚህ ምክንያት ነበር።

መልእክቱን ለሥራ አስኪያጄ አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበውና «ይህ ሰው ስንት ነው የሚከፈለው?» አለኝ።

ተጠራጣሪ

ማረሚያውን አስገባችሁት?

ቆጣሪ አንባቢ

ዛሬ ማታ። መጀመሪያ ለዚያ ደንበኛ እየደወልን ነው።